ለባዕድ የተዘጋጀ መርዝ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤

ሰሞኑን በየለቅሶ ቤቱና በየዕድሩ የምሰማው ወሬ እንቅልፍ ነሥቶኛል። «ኢትዮጵያ የምትከበረው ኒውክሌር የታጠቀች ዕለት ነው» የምንለው ከልጆቻችን ይልቅ እኛ ሽማግሌዎቹ ሆነናል። ይህን ሰምቼ ዝም ብል አምላክም ታሪክም ይጠይቀኛል።

ክርክራችሁ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጣልያን በ1917 ዓ.ም. መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን አውሮፕላኖቿ በተከዜ፣ በኮረምና በአሸንጌ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡብን። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ቢሉም ፍርድ አላገኙም። የጣልያን ጦር አዛዦች የነበሩት ባዶሊዮም ግራዚያኒም ለዚህ ግፍ ችሎት ሳይቆሙ ሞቱ። «አቻ መሣሪያ ቢኖረን ማን ይደፍረን ነበር?» ትላላችሁ። የኒውክሌር መሣሪያዋን አስረክባ የተወረረችውን ዩክሬንንም ትጠቅሳላችሁ።

እስቲ እንደ ኒውክሌር ሁሉ በጅምላ የሚፈጀው መርዝ የታጠቁትን አገሮች የት እንዳደረሳቸው እንይ። ኢራቅ የኬሚካል መሣሪያዋን ያከማቸችው ከኢራን ጋር ስትዋጋ ነው። መጋቢት 7 ቀን 1980 ዓ.ም. ግን በገዛ ከተማዋ በሐላብጃ ላይ ጣለችውና እስከ 5,000 የሚደርሱ ኩርዶች አለቁ። ሶርያ መርዟን ያከማቸችው እስራኤልን ለመመከት ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ሳሪን የወረደው ግን ደማስቆ አጠገብ፣ ጉታ ውስጥ በተኙ ሶርያውያን ሕፃናት ላይ ነው። ለባዕድ ተብሎ የተዘጋጀው መርዝ የገዛ ወገን ላይም አረፈ።

እኛስ? በቅርብ ዓመታት ወንድም በወንድሙ ላይ ከባድ መሣሪያ ሲተኩስ አይተናል፤ ልጆቻችንን ቀብረናል። በዚያ ቁጣ መካከል እንዲህ ያለ መሣሪያ በተፋላሚዎች እጅ ቢገኝ ኖሮ፣ ማን ማንን ይቀብር ነበር? መልሱን ለየራሳችሁ ተዉት፤ እኔ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ማመንጫ ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ለመብራትና ለሕክምና ከሆነ ይሁን፤ እኔም እመርቃለሁ። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዓለም አቀፍ ተቆጣጣሪዎችና ለሕዝብ እንደራሴዎች ክፍት ይሁን እንበል። ከማመንጫው ጀርባ የቦምብ ምኞት እንዳያቆጠቁጥ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያለብን አሁን ነው።

አገራችን ቃል አለባት። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ረቂቁን ካቀረቡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነትም ፈርማለች። የ1954ቱን ቃል የሰጠው የጣልያን መርዝ ቆዳውን የላጠው፣ ዓይኑን ያጠፋው ትውልድ ነው። ከሁላችንም በላይ ለበቀል ምክንያት የነበረው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ መታጠቅን ትቶ ማስከልከልን መረጠ። በእርሱ ፊት እኛ በምን አንደበት ሌላ እንመኛለን?

ስለዚህ ለልጅ ልጆቻችሁ ኮረምን ስትነግሩ ሐላብጃንም አብራችሁ ንገሩ። የቦምብ ምኞት በጨዋታ መካከል ሲነሣ ሳቃችሁን አትስጡት፤ ገሥጹት። በዚህ አገር ወጣቱ ሲሳሳት የሚመልሰው የሽማግሌ ቃል ነው። ሽማግሌው ራሱ እልቂትን ከመረቀ፣ ከእንግዲህ የሚገሥጽ አይኖርም።