የጎደለው ንብርብር የት ሄደ?



በገዳሪፍ አካባቢ በብዙ ቦታ ከላይ ጥቁሩ የዋልካ አፈር፣ ከሥሩ ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያም በታች የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በአባይ ሸለቆም ባዛልቱ ከአሸዋ ድንጋይ በላይ ተነጥፏል። ሁለቱ ያለማቋረጥ የተነባበሩ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጎድሏል።

ክፍተት በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ደለል ጨርሶ ሳይነጠፍ ሲቀር፣ ሁለተኛው ከተነጠፈ በኋላ ተጠርጎ ሲሄድ ነው። ክፍተቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። በባሕር ውስጥ ለተሠሩ አለቶች ልዩነቱን ከሚገልጡት ምስክሮች አንዱ የጥንት የባሕር ውስጥ ናዳ ነው። በባሕር ወለል ተዳፋት ላይ የተከመረ ደለል ሲናድ ከላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ከታች ደግሞ የስብርባሪ ክምር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1929 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ መሬት ሲንቀጠቀጥ የተናደው ደለል በባሕር ወለል የተዘረጉትን የቴሌግራፍ ገመዶች በየተራ በጥሷል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ባለ ጥንታዊ ክምር ውስጥ ከላይ የጠፋውን ንብርብር ቁራጭ ያገኛሉ፤ በውስጡ ካለው የባሕር እንስሳት ቅሪትም ዕድሜውን ይለያሉ። ያን ጊዜ “አልነበረም” መባሉ ቀርቶ “ነበረ፤ ተናደ” ይባላል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ድንጋይ ብቻ ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ፣ በ2023 ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ልጆች ካርዳቸው ጠፍቷል። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ሦስተኛ ክፍል ሲቀመጥ አይቻለሁ። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክል አይደለም። ወረቀት መጥፋቱ ትምህርቱ አለመኖሩን አያሳይም። ልጁ በቃልም በጽሑፍም ይፈተን፤ ክፍሉም በሚያውቀው ይወሰን።

በሌላ በኩል በእርግጥ ያልተማርነውን ዓመት ተምረናል ማለት ራስን ማታለል ነው። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጫለሁ። ሦስተኛውን ዓመት ተምሬያለሁ አልልም፤ ሁለቱን ዓመት ግን አልተማርኩም የሚለኝን አልቀበልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የተቀደደ ደብተርና ግማሽ መጽሐፍ አትጣሉ። ተማሪዎችም በየትኛው ትምህርት እስከየትኛው ምዕራፍ እንደደረሳችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍል መምህራችሁ ስጡ። የተናደው ንብርብር የሚታወቀው ከስብርባሪው ነውና።