ሞተር በግምት አይታደስም

«ይህ ሞተር አልቋል» የሚለው ፍርድ በገጠራችን ቶሎ ይሰጣል። ትራክተሩ ሰማያዊ ጭስ መትፋት፣ ዘይት መብላትና ዳገት ላይ መድከም ሲጀምር ከዛፍ ሥር ይቆማል፤ ዙሪያውን ሣር ይበቅልበታል። እኔ አርሲ ውስጥ ከትራክተር ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ከቆሙት ብዙዎቹ ሊድኑ እንደሚችሉ፣ ያውም በባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ሊታደሱ እንደሚችሉ አምናለሁ። የሚጎድለን ለክተው የሚሠሩ ሰዎችና የሚለኩበት መሣሪያ ነው።

የእኛ ቤላሩስ ትራክተር አባቴ ከመንግሥት እርሻ ጨረታ የገዛው ኤም ቲ ዜድ 80 ነው። አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር፣ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩን ከታላቅ ወንድሜና ከአንድ የአሰላ መካኒክ ጋር ግቢያችን ውስጥ አወረድነው። ይህ ሞተር ሲሠራ ጀምሮ እንዲታደስ ታስቦ ነው፤ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ካሚቻ ከሞኖብሎኩ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። ትራክተሩን በክሪክ ደግፎ፣ ከሥሩ ግንድ አስገብቶ ፍሪሲዮኑ ላይ ለሁለት መክፈል ጉልበትና ጥንቃቄ እንጂ ፋብሪካ አይጠይቅም።

የፒስቶኑን ፋሻና ካሚቻውን የሚበላው በአብዛኛው በአየር ማጣሪያው ሾልኮ የሚገባ የማሳ አቧራ ነው። ይህን አዲስ ዕቃ ያድነዋል። ከባዱ ጉዳይ ክራንክ ሻፍቱ ነው። ቢየላው የሚያርፍበት አንገት ከፋብሪካ ሲወጣ 68.25 ወይም 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲበላ ደግሞ በየ0.25 ሚሊ ሜትር እየተሞረደ ልኩን የጠበቀ ብሮንዚና፣ ማለትም በአንገቱና በቢየላው መካከል የሚቀመጥ ስስ ማረፊያ፣ ይገባለታል። አንገቱን በማይክሮሜትር አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ለክተን ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ክቡ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ዓይን አያየውም፤ ጣትም አይዳስሰውም። አንድ ዕቃ መሸጫ ክራንክ ሻፍቱን ሳያይ «ስታንዳርዱን ብሮንዚና ውሰዱ» ብሎን ነበር። ስንለካው መሞረድ ነበረበት።

ሌላም አለ። የክራንክ ሻፍቱ አንገት ውስጡ ክፍት ነው፤ በሚጠመዘዝ ክዳን የተዘጋው ይህ ክፍተት ከዘይቱ የሚለየውን ቆሻሻ ያጠራቅማል። የእኛን ስንፈታው በደረቀ ጥቁር ዝቃጭ ጢም ብሎ ነበር። በሽቦ ፍቀን፣ በናፍጣ ደጋግመን አጠብነው። ይህን ሳያጸዱ አዲስ ብሮንዚና መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

«ግቢ አቧራ ነው፤ ሞተር የሚፈታው ጋራዥ ነው» የሚሉ አሉ። ስለ አቧራው ልክ ናቸው፤ ሸራ ሳይነጠፍና የተፈታው ሁሉ ሳይሸፈን ሥራው መጀመር የለበትም። መሞረዱም የሬቲፊካ ቤት ሥራ ነው። ግን ለዚህ ክራንክ ሻፍቱ ብቻ በሚኒባስ ወደ አዳማ ይሄዳል። ሙሉ ትራክተር በሎቤድ ማስጫንና የጋራዥ ወረፋ መጠበቅ ግን ብዙ ገበሬ የማይችለው ወጪ ነው። ሰኔም አይጠብቅም።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ያለቀረጥ እንዲገቡ መፍቀዱ መልካም ነበር። አሁን ደግሞ ሦስት ነገሮች ይጨመሩ። የገበሬ ዩኒየኖች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እንደሚያቀርቡ ሁሉ ማይክሮሜትርና የቡሎን ማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ገዝተው ለአባላት ያውሱ። ትራክተር የሚያስመጡ ድርጅቶች የልክ ሰንጠረዡን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳትመው ከመሣሪያው ጋር ያስረክቡ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተማሪዎቻቸውን በበጋ ወደ ገበሬው ግቢ ይላኩ፤ ለልምምድ ከተቀመጠ ሞተር ይልቅ ሰኔ ላይ የሚያርስ ሞተር ብዙ ያስተምራቸዋል።

አዲስ ትራክተር ይግባ፤ እደግፋለሁ። ዛሬ በሪባን ቆረጣ የምንረከበው ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ዘይት መብላቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በየወረዳው ለክቶ የሚያድስ ሰው ካላፈራን፣ በውጭ ምንዛሪ ያስገባነውን ሁሉ መልሰን በውጭ ምንዛሪ እንገዛዋለን። ሰዎቹን ማሠልጠን ያለብን አሁን ነው።