ማሽን ለማሽን ሲከፍል

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችቲቲፒ የተሰኘው የድረ ገጽ መገናኛ ደንብ «ክፍያ ያስፈልጋል» የሚል 402 የተሰኘ ኮድ ነበረው፤ ለወደፊት ይሆናል ተብሎ ሥራ ሳይሰጠው ቆየ። በ2025 የክሪፕቶ መገበያያው ኮይንቤዝ ኤክስ402 ብሎ አነሳው። የኤአይ ወኪል መረጃ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ዋጋውንና የሚከፈልበትን አድራሻ ይልክለታል፤ ወኪሉ በዲጂታል ቁልፉ ፈርሞ ከዶላር ጋር በተሳሰረው ዲጂታል ገንዘብ በዩኤስዲሲ ይከፍልና መረጃውን ይረከባል። የባንክ ሒሳብ የለም፣ ካርድ የለም።

ክፍያው ቀላሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የከፋዩ ማንነት ነው፤ የዚህን እትም አብዛኛውን ገጽ የሰጠነውም ለዚሁ ነው። ለብሎክቼይኑ ኤቴሪየም የቀረበው ኢአርሲ-8004 የተሰኘ ደንብ ለወኪሎች የማንነት፣ የተዓማኒነትና የማረጋገጫ መዝገብ ያበጃል። መዝገቡ ግን ወኪሉ ተታልሎ የላከውን ገንዘብ አያስመልስም፤ ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድም አይነግረንም። ይህንኑ የኃላፊነት ጥያቄ ለጸሐፊዎቻችን ሁሉ አቅርበናል፤ አልተስማሙም፤ ልዩነታቸውን እንዳለ አትመነዋል።