የተበከለ ደም፣ የዘገየ ካሳና ከእኛ የሚጠበቀው ጥንቃቄ

«ከዓመታት በፊት ደም ተሰጥቶኝ ነበር፤ በሽታ ይዞኝ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ከታካሚዎች ይቀርብልኛል። በሕክምና ተቋም ጥፋት የታመመ ሰው ማን ይደርስለታል? ለዚህ የእንግሊዝ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው።

በዚያች አገር እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች በመንግሥት የጤና አገልግሎት በተሰጣቸው ደምና የደም ውጤት አማካይነት በኤች አይ ቪና በሄፓታይተስ ተይዘዋል። ወደ 3 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። ከተጎጂዎቹ ከፊሎቹ ደማቸው ቶሎ የማይረጋ የሄሞፊሊያ ሕሙማን ነበሩ። የሚወስዱት መድኃኒት ከሺዎች በተሰበሰበ ደም የሚሠራ ሲሆን፣ ከፊሉ ከአሜሪካ የመጣ፣ ከእስረኞችና ደማቸውን ከሚሸጡ ሰዎች ጭምር የተወሰደ ነበር። የአንዱ ሰው ቫይረስ ሁሉንም ይበክላል። ሌሎቹ በወሊድ፣ በአደጋና በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም የተሰጣቸው ናቸው።

በሰር ብሪያን ላንግስታፍ የተመራው አጣሪ እ.ኤ.አ ግንቦት 2024 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ጉዳቱ በአብዛኛው ማስቀረት ይቻል እንደነበር፣ እውነቱም እንደተደበቀ አረጋግጧል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት 11 ነጥብ 8 ቢሊዮን ፓውንድ ለካሳ መደበ። ካሳው ለአካል ጉዳትና ለታጣ ገቢ ብቻ ሳይሆን፣ ለደረሰባቸው መገለልና ለአስታማሚ ቤተሰብም ጭምር ነው። ሆኖም ብዙዎች ሳያዩት አልፈዋል።

እንደ ሐኪም ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የመረጃው መዘግየት ነው። ሄፓታይተስ ሲ ለ20 እና ለ30 ዓመት ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ሊያጠነክርና ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። በጊዜ ያልተነገረው ሰው ራሱን የመታከም፣ የትዳር ጓደኛውንም የመጠበቅ ዕድል ያጣል። ይህን ዕድል ገንዘብ አይመልሰውም።

በአገራችን የተለገሰ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ነገር ግን በቅርቡ የተያዘ ሰው ደም በምርመራ ላይታወቅ ይችላል። በፈቃደኝነትና በመደበኛነት የሚለግሱ ሰዎች የሚፈለጉትም ለዚህ ነው። ካሳን በተመለከተ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ጥፋት ላደረሰው ጉዳት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በመርህ ደረጃ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 2143 ይገልጻል። ቀስ በቀስ ለሚገለጥ በሽታ ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ሕግ አውጪዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

እስከዚያው የሚከተሉትን እንድታደርጉ እመክራለሁ።

• ቀደም ሲል ደም ከተሰጣችሁ ወይም በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የሚባለው ከያዛችሁ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ አድርጉ። ሄፓታይተስ ሲ በሚዋጥ መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት፣ ከ95 በመቶ በላይ ይድናል። ቢ ደግሞ በመድኃኒት ይቆጣጠሩታል።
• ከሆስፒታል ስትወጡ የሕክምና ማጠቃለያ ጠይቁ፤ ደም የወሰዳችሁበትን ቀን መዝግቡ። በእንግሊዝ ብዙዎች የተቸገሩት መዝገባቸው ስለጠፋ ነው።
• ጉዳት ደርሶብኛል ካላችሁ ለተቋሙ በጽሑፍ አመልክታችሁ ቅጂውን ያዙ፤ የሕግ ባለሙያም ቶሎ አማክሩ።

ለእኛ ለሐኪሞች ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፤ ስህተት ሲፈጠር ለታካሚው በዕለቱ እንንገረው። ካሳ የሚጀምረው ከዚያ ነው።