የስም ጥሪና የቤት ትምህርት

አበው ስለ አንድ ነገር ሁለት የሚቃረኑ ተረቶች ትተውልናል። አንደኛው «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብሎ ይመልስለታል። አንባቢዬ «ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ሁለቱም እውነት ናቸው እላለሁ፤ ጥበቡ ያለው ለየትኛው ጊዜ የትኛው ተረት እንደሚስማማ በማወቅ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገርበት ጉዳይም በነዚህ በሁለቱ ተረቶች መካከል የቆመ ነው፤ ይኸውም ስሙ በተማሪ ቤት መዝገብ ተጽፎ ሳለ ትምህርቱን በቤቱ ወይም በሌላ ቦታ የሚከታተለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከማስተምርበት አገር ልጀምር። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች ከደጋው አፈር ተሸክመው እየወረዱ ያለብሱታል፤ ክረምቱ በበረታ ጊዜ ደግሞ ከመጠን ዐልፈው ያጥለቀልቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሎ እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። ይኸው ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን ለሩዝ ተስማማ። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የሜዳው ዋና እህል ሆኗል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ሩዙ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እርሱ ከተነሣ በኋላ በቀረው ርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል፤ ውኃ ያለውም ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ማለት በተማሪ ቤት በኩል የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትምህርት የሚጠነክርበትና የፈተናው ጊዜ የሚቃረብበት ወራት ነው። የገበሬው ካላንደርና የተማሪ ቤቱ ካላንደር የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው።

ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ ቀበሌ የመጣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። በወረታ ከተማ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ለማምጣት ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል። አጨዳ ሲደርስ አባቱ «ልጄ፥ ለቀን ሠራተኛ የምከፍለው የለኝምና ሁለት ሳምንት ርዳኝ» ይለዋል። ልጁ የአባቱን ቃል እንቢ ሊል አይችልም፤ እንቢ ቢልም የሚበላው ስንቅ የሚመጣው ከዚያው ማሳ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ይዞ ይወርዳል፤ ቀን ያጭዳል፥ ማታ በባትሪ ብርሃን ያነባል። በክፍሉ ውስጥ ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ጓደኞቹ «የለም!» ይላሉ፥ በስሙም አንጻር የቀሪ ምልክት ይጻፍበታል። ቀኑ ሲበዛ ወላጅ አምጣ ይባላል፤ ከዚያም ሲያልፍ ስሙ ከመዝገብ ይሠረዛል።

ከርሱ ጎን ሌላ ተማሪ እናስብ። ይህኛው አንድም ቀን አይቀርም። ስሙ ሲጠራ «አቤት!» ይላል፥ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ከጠረጴዛው በታች ሲነካካ ውሎ ይሄዳል። በመዝገቡ ላይ ይህኛው ጨዋ ተማሪ ነው፤ ያኛው ግን ቀሪ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና ስም ጥሪን ለማቃለል ይህን አልጻፍሁም። ነገር ግን መዝገቡ የሚነግረን ሰውነቱ የት እንደ ዋለ ነው እንጂ አእምሮው የት እንደ ዋለ አይደለም። ይህን ልዩነት ካልያዝን በቁጥር እንታለላለን።

ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የተገለጠውን ውጤት እንመልከት። ከተፈታኞቹ መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በነዚያ ትምህርት ቤቶች በየማለዳው ስም ይጠራ ነበር፤ አብዛኞቹም ተማሪዎች «አቤት» ሲሉ የከረሙ ናቸው። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ምክንያት ብዙ ነው፥ በአንድ ነገር ብቻ የሚላከክ አይደለም። ነገር ግን በክፍል መገኘት ብቻውን ትምህርት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

እንግዲያስ የቤት ትምህርት ይሻላል ማለት ነውን? እንደዚህ ቶሎ አንወስን። አስቀድመን ለቤት ትምህርት እንግዶች እንዳልሆንን እናስታውስ። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት አገር፥ ቤተልሔም የሚባል የድጓ ማስመስከሪያ አለ። የቆሎ ተማሪ ድጓን በየትም ደብር፥ ከየትኛውም መሪጌታ ሊማር ይችላል፤ ምስክርነቱን ለማግኘት ግን ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። ስም የሚጠራበት መዝገብ የለም። ተማሪው ሲመሽ ሲነጋ ቀለሙን ያጠናል፥ ቁራሽ ለምኖ ይመገባል፥ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ነገር ግን አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ በየጊዜው በመምህሩ ፊት ቀርቦ ያጠናውን ይሰማለታል። የቅኔው ተማሪም ቢሆን የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሳይነግር አይውልም፤ ተሳስቶ እንደ ሆነ እዚያው ይታረማል። እንግዲህ በአበው ትምህርት ቤት ስም ጥሪ አልነበረም፥ የሚሰማ መምህር ግን ነበረ። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ስም ጥሪው አለን፤ እስከ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ግን እያንዳንዱን ቀርቦ የሚሰማው የለም።

በቤቱ የሚያነበው ወጣት ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ነው። መጽሐፍ ሊኖረው ይችላል፥ ትጋትም ሊኖረው ይችላል፤ የሚሰማውና የሚያርመው ሰው ግን የለውም። የሒሳቡን ቀመር በስሕተት ከያዘው ስሕተቱን እያጠበቀው ይሄዳል። እንግሊዝኛውን በዓይኑ እንጂ በአንደበቱ አይለምደውም። የኬሚስትሪን ሙከራ በመጽሐፍ ከማየት በቀር በእጁ አይነካውም።

ይህን ችግር በሁለት ጊዜ በሰፊው አይተነዋል። አንደኛው የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ እንዲዘጉ ሲታዘዝ ትምህርቱ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። ስልክና መብራት ያለው የከተማ ልጅ ጥቂት ተጠቀመ፤ የገጠሩ ልጅ ግን ወደ ማሳው ወረደ። ሁለተኛው ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነው። በነዚህ ጊዜያት በቤቱ መማር ምርጫ አልነበረም፤ ግዴታ ነበረ። ከነዚያም ልጆች መካከል መጽሐፋቸውን ሳይዘጉ የቆዩት ሲመለሱ ክፍላቸውን ለመከታተል ቀሏቸዋል፤ መጽሐፉን የዘጉት ግን ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል።

በውጭ አገርም ጉዳዩ ገና አላለቀም። በጀርመን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በቤት ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነው። በአሜሪካ ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በሃምሳዎቹም ስቴቶች ተፈቅዷል። ሆኖም ሥርዓቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የፔንሲልቬንያ ሕግ ወላጅ በዓመት 180 ቀን፥ ወይም ለሁለተኛ ደረጃ 990 ሰዓት እንዲያስተምር ይጠይቃል፤ ቴክሳስ ግን ለመንግሥት ማሳወቅን እንኳ አያስገድድም። አዮዋ ደግሞ በቤቱ የሚማረው ልጅ ለአንዳንድ ትምህርትና ለስፖርት ብቻ በመንግሥት ትምህርት ቤት በጎን እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። እኛ ከነዚህ አንዱን እንቅዳ አልልም፤ አገራችን ሌላ፥ ችግራችን ሌላ ነው። ነገር ግን ከአዮዋው ሥርዓት አንድ ቁም ነገር እንማራለን። ልጁ የሚማርበት ቦታ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ትምህርት በየትኛው መዝገብ እንደሚቈጠር ግን አስቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት።

በእኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ይህ ነው። አንዳንዱ ወጣት በቀኑ ትምህርት ተመዝግቦ ሳለ «ምናልባት ቢሠረዝብኝ» ብሎ በማታው ወይም በርቀት ትምህርት ሌላ ስም ያስመዘግባል። አንዳንዱም የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ዓመት በሁለት ቦታ ይመዘገባል። ሐሳቡ ባላ መትከል ነበር፤ የሚሠራው ግን ሁለት ዛፍ መውጣት ነው። ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ሲመረመር ዓመቱ ከዓመቱ፥ ቦታው ከቦታው ጋር ይጋጭና ጥያቄ ይነሣበታል። ይልቁንም የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ከቀረ ወዲህ፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በብሔራዊ ደረጃ የሚመሰክርለት የ12ኛው ክፍል ፈተና ብቻ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ የቀደሙት ክፍሎች ውጤት በትክክል ተመዝግቦ መገኘት አለበት። በመካከል ስሙ የተሠረዘበት ልጅ ምንም ቢያነብ በእጁ የሚይዘው ወረቀት የለውም። ጉዳዩ ቀላል ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ወዳጄ፥ የምመክርህ ይህ ነው። መዝገብህ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ትምህርትህ ግን በሁለት ቦታ፥ በክፍልም በቤትም ይሁን። ለአጨዳ ወይም ለሌላ ግዴታ የምትቀር ከሆነ ከመሄድህ በፊት ለክፍል ኀላፊህ በጽሑፍ አስታውቅ፤ አባትህ ወይም እናትህ ይፈርሙበት፥ አንድ ቅጂም በእጅህ ይቅር። ሳይናገሩ ቀርቶ በኋላ ምክንያት ማቅረብ ሰውን ያሰለቻል። በምትቀርበት ጊዜ የትኛው ምዕራፍ እንደሚያልፍህ ከየአስተማሪህ ጠይቀህ ጻፍ። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ካለህ አንዱን ለሒሳብ፥ አንዱን ለእንግሊዝኛ አድርገው፤ ሌሎቹን ትምህርቶች በነዚህ ላይ ተደግፈህ ትደርስባቸዋለህና። ከሁሉ በላይ ግን የሚሰማህ ሰው ፈልግ። አስተማሪ ባታገኝ በቀበሌው ያለውን የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ፥ እርሱም ባይኖር አንድ ክፍል የሚቀድምህን ልጅ ለምን። በየሳምንቱ ያነበብኸውን መጽሐፉን ዘግተህ ንገረው፤ መናገር ያቃተህን ነገር ገና አላወቅኸውም።

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለምትሠሩ ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣውን ቁጥር የምትደምሩት እናንተ ናችሁ፤ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብም የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት በጥቅምት የተመዘገበው ቁጥር ይከበራል፥ በታኅሣሥ ከክፍል የጠፋው ልጅ ግን አይጠየቅም። ቅጹ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ቢዛወር እንኳ የሚሞላው ነገር ካልተለወጠ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቀሪው ቁጥር አጠገብ የቀረበትን ምክንያት የሚያስጽፍ አንዲት ዐምድ ብትጨምሩ መልካም ነው፤ አጨዳ፥ ሕመም፥ ጎርፍ፥ የጸጥታ ችግር፥ ጋብቻ እየተባለ ይጻፍ። በአንድ ክፍል አርባ ልጅ በአንድ ሳምንት «አጨዳ» ተብሎ ቢጻፍ ጥፋቱ የአርባው ልጅ ሳይሆን የካላንደሩ እንደ ሆነ ለማንም ይታያል። «ጋብቻ» የሚለው ቃል በአንዲት ልጅ ስም አጠገብ በታየ ጊዜም በዚያው ሳምንት የሚነሣ ሰው ይገኝ ይሆናል።

ለዳይሬክተሮችም ቢሆን ጥቂት ነገር ማድረግ አይከብዳቸውም። የሩዝ አጨዳ በየዓመቱ በዚያው ወራት እንደሚመጣ ይታወቃል። ለዚያ ጊዜ የሚሆን የንባብና የመልመጃ ወረቀት አስቀድሞ ማዘጋጀት፥ ሲመለሱም በቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት መስጠት፥ ፈቃድ ጠይቆ የሄደውንና እንዲሁ የጠፋውን ለይቶ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው አድርጎ መሠረዝ ፍርድ ማጓደል ነው።

ስም ጥሪ ይኑር። በየማለዳው ስሙን የሚጠራው ሰው እንዳለ ማወቅ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጠፋም የሚፈልገው እንዳለ ያውቃል። ነገር ግን አስተማሪ ስም ጠርቶ «የለም!» የሚል መልስ በሰማ ጊዜ፥ ምልክቱን ከመጻፉ በፊት «ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ።