የማታ ሰዓት ስንት ያወጣል?

ከቢሮ መልስ ቆዳ የሚሰፋ ሰው በአዲስ አበባ እየበዛ ነው። የባንክ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ነርስ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ውሎ ማታ ወስፌ የሚያነሣ ልጅ አለ። መጀመሪያ ለራሱ የኪስ ቦርሳ ይሠራል። ቀጥሎ ለእናቱ የመነጽር ማኅደር። ከዚያ አንድ ባልደረባው አየት ያደርግና «ለእኔም ሥራልኝ እንጂ፣ እከፍልሃለሁ» ይላል፤ ንግዱ ሳይታሰብ ተጀመረ ማለት ነው። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ስለሆንኩ ነገሩን ከሩቅ ቆሜ አልፈርድበትም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የቆዳውንና የክሩን ዋጋ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ከእኛ መካከል ሞልቷል፤ ያመሸበትን ሰዓት ከዋጋው ጋር የሚደምር ግን እምብዛም ነው።

ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ለማየት ከቆዳው መጀመር ይሻላል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ሁለት ጥሩ ቆዳ መግዛት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ፋብሪካዎቹ፣ ሞጆም ሆነ አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት፣ የተደራጁት በብዛት ለሚገዛ ነው፤ ዓይናቸውም ውጭ ገበያ ላይ ነው። መንግሥት በፈረንጆች 2008 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ሲጥል ሐሳቡ ቆዳው እዚሁ ተሠርቶ እንዲወጣ ነበር። ለሁለት ቦርሳ የሚበቃ ቆዳ የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም የሚሄደው መርካቶ ነው። የሚያገኘውም ከጫማ ሠሪዎች የተረፈውን፣ አለዚያም ደረጃው ወርዶ ከኤክስፖርት የቀረውን ነው።

እዚህ ላይ ለትንሹ ሰው የሚያደላ ነገር አለ። የደጋችን በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ የእንግሊዝ ጓንት ሠሪዎች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲፈልጉት ኖረዋል። ስሙን የሚያጠፋው ጠባሳው ነው። ቅማልን የመሰሉ ተባዮች የሚያመጡት እከክ ከጸጉሩ ሥር ተደብቆ ይቆይና ቆዳው ለፍቶ ሲወጣ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። የእሾህ ጭረት አለ፤ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ፤ በበዓል ማለዳ በችኮላ ሲገፈፍ ቢላ የሳተው አለ። ለጃኬት ፋብሪካ ይህ ሁሉ ኪሳራ ነው፤ ሰፊና ንጹሕ ገጽ ይፈልጋልና። የመታወቂያ መያዣ ለሚሠራ ሰው ግን በጠባሳና በጠባሳ መካከል ያለችው መዳፍ የምታህል ቦታ ትበቃዋለች። ከካርቶን የተቆረጠውን ልክ ወዲህ ወዲያ እያዞረ፣ ጉድለቱን እያለፈ ይቆርጣል። የማታ ሠራተኛ የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው። ሳይቆጠር የሚያልፈው የመጀመሪያ ሰዓቱም እዚሁ ነው፤ አንድ ቆዳ ዘርግተው ሲያገላብጡ ምሽቱ ያልቃል።

(ወደ ሌላ እንዳልሄድ ብዬ እንጂ፣ በየበዓሉ ማግስት አጥር ሥር ተጥሎ የሚበሰብሰው ቆዳ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ድሮ «ቆዳ ያለው!» የሚለው ጥሪ ሥጋው ተበልቶ ሳያልቅ ነበር ደጃፍ የሚደርሰው።)

ሌላው ሰዓት የሚባክነው ዩቲዩብ ባስተማረን ነገር ላይ ነው። በቪዲዮው ፈረንጁ የቆዳውን ጠርዝ በውሃ አርሶ በእንጨት ሲፈትገው ያብረቀርቃል። እኛ ብንፈትገው ብንፈትገው እንደተበጣጠሰ ይቀራል። የእጅ ጉዳይ አይደለም። እሱ የያዘው በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ነው፤ ከእኛ ፋብሪካዎች የሚወጣው አብዛኛው ደግሞ በክሮም የለፋ ነው። ክሮም ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ሙቀትም ያስችለዋል፤ ጠርዙ ግን በመፈተግ አይዘጋም። የመርካቶ ጫማ ሠሪ መፍትሔውን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፦ ጠርዙን በቢላ ያሳሳዋል፣ ማስቲሽ ይቀባዋል፣ ወደ ውስጥ አጥፎ በመዶሻ መታ መታ ያደርገዋል። አንድ ቅዳሜ ከእንዲህ ያለ ባለሙያ አጠገብ መቀመጥ የአንድ ወር ቪዲዮ ያስንቃል። ሻይ ጋብዞ ብቻ አይደለም ታዲያ፤ ላስተማረበት ጊዜ ከፍሎ።

ስፌቱ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የእጅ ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅበት ዋናው ምክንያት እዚያ ነውና። የስፌት መኪና በሁለት ክር ይሰፋል፤ የላዩና የታቹ ክር ቆዳው መሃል እየተቆላለፉ ይሄዳሉ። አንደኛው ሲበጠስ ሌላኛው የሚይዘው ነገር ያጣና ስፌቱ ይተረተራል። በእጅ ሲሰፋ ግን ክሩ አንድ ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መርፌ ይገባል። ሁለቱ መርፌዎች አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። ከጊዜ ብዛት አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተበልቶ ቢበጠስ፣ ከሌላው ወገን የመጣው ክር በዚያው ቀዳዳ አልፎ ቆዳውን ይዞ ይቆያል። ኮርቻ ሠሪዎች የሚሰፉት እንዲህ ነው፤ ፈረሰኛ የሚቀመጥበት ነገር ጉዞ መሃል መተርተር የለበትም። ክሩ በሰም ይታሻል፣ ቀዳዳው ርቀቱ ተለክቶ አንድ በአንድ ይበሳል፣ እያንዳንዱ ስፌት በእኩል ጉልበት ይጠብቃል። ለአንድ የኪስ ቦርሳ ስፌቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ አይገርምም። ገዢው ይህንን በዓይኑ አይቶ አይለየውም፤ ስለዚህ የመንገሩ ሥራ የሻጩ ነው። ቴሌግራም ላይ አሥር ፎቶ ከመደርደር ይህንኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የበለጠ ይሸጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ሰው በወር የተጣራ 15,000 ብር ያገኛል እንበል። በወር 176 ሰዓት ቢሠራ አንዱ ሰዓት 85 ብር ገደማ ነው። ቦርሳው ከመቁረጥ እስከ መጨረስ አምስት ሰዓት ከወሰደ 425 ብር ሆነ። ቆዳው፣ ክሩ፣ ማስቲሹ፣ ፎደራው፣ ተበላሽቶ የሚጣለው ቁራጭ ተደምሮ 250 ብር ይሁን። ጠቅላላው 675 ብር ነው፤ መርካቶ ደርሶ መልስ ታክሲ ገና አልገባም። ይህንን ቦርሳ ለባልደረባው በ500 ብር የሰጠ ሰው 175 ብር ሸለመው ማለት ነው። ሽልማት ክፉ አይደለም፤ ለእህት ልደት፣ ለጓደኛ ሠርግ ይሰጣል። ሽልማቱን ንግድ ብሎ መጥራት ነው ችግሩ።

«ማታ እኮ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቼ ከማሳልፈው ብዬ ነው፤ ሰዓቱ ምን ዋጋ አለው?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለራሱ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን በዚሁ ከተማ በዚሁ ሙያ ልጆች የሚያሳድግ ሰው አለ። እሱ ደመወዝ የለውም፤ ሰዓቱን ከዋጋው ማውጣት አይችልም። እኛ ደመወዛችንን ተማምነን በ500 ብር ስንሸጥ፣ የእሱ 800 ብር በገዢው ዓይን ዘረፋ ይሆናል።

ደግሞም ይህ ሙያ ለባለሙያው ክብር ሲሰጥ የኖረ አይደለም። አቁማዳውን፣ ጀንዲውን፣ የአልጋ ጠፍሩን፣ የአገልግሉን ልባስ የሠራው እጅ በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም፤ ልጁንም ለልጄ ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬ እኔ ከቢሮ መልስ ያንኑ ወስፌ ባነሣ «ዲዛይነር» ይሉኛል፤ ፎቶዬንም ይለጥፉታል። እነሱ ስድብ የጠገቡበትን ሥራ እኛ እየተሞገስን ከሠራነው፣ ቢያንስ ገበያቸውን አንስበርባቸው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ ስንት ዓይነት ዕቃ ልሥራ ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁለት ነው። ቀበቶ ወፍራም የበሬ ቆዳ ይፈልጋል፣ የኪስ ቦርሳ ስስ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ደግሞ ሌላ ቆዳ፣ ሌላ ዚፕ፣ ሌላ መቀርቀሪያ። ሁሉንም የሚሠራ ሰው ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል።

ፈተናው የሚመጣው ሥራው ሲወደድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ 200 የማስታወሻ ደብተር ልባስ በሁለት ሳምንት ይፈልጋል እንበል። አንዱ ሁለት ሰዓት ቢወስድ 400 ሰዓት ነው፤ በየማታው ሦስት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከአራት ወር በላይ። የግዢ ክፍሉም ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው እዚያው ይቆማል። (መሸጥ ልማድ ከሆነ ፈቃዱን ማውጣት ግድ ነው፤ በቴሌብር እየተቀበሉ ተደብቆ መኖር የትም አያደርስም።) እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እኔ ለመርካቶ ወርክሾፖች ባስተላልፈው እመርጣለሁ። መኪናው አላቸው፣ ሰው አላቸው፣ ደረሰኝ አላቸው። ናሙናውን ሠርቶ፣ ጥራቱን ተከታትሎ ለዚያ መከፈል ለማታ ሠራተኛ በቂ ድርሻ ነው። ለዚህ ብሎ ደመወዙን የሚለቅ ሰው ካለ ግን ቀጣዩ ስብሰባ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ትንንሾቹ ትእዛዞች ሌላ ጣጣ አላቸው። ክረምት ላይ ከዋሽንግተን የመጣች ዘመድ ረቡዕ ማታ ትደውልና «የኔ ወንድም፣ አርብ ነው በረራዬ፤ ስድስት የኪስ ቦርሳ፣ የየልጆቹ ስም ያለበት» ትላለች። ለእሷም ለሌላውም መልሴ ያው ነው፤ ግማሹ ቀብድ ይከፈላል፣ የማስረከቢያው ቀን ይጻፋል፣ የአርቡም አይደርስም። ቅር የሚላቸው አሉ። «እኛን አታምንም?» ይላሉ። አምናቸዋለሁ፤ ግን በጋለ ማኅተም «ናኦድ» የሚል ስም የታተመበትን ቦርሳ ናኦድ ካልወሰደው የሚገዛኝ የለም።