በር ከፋች የሚከፍለው ዋጋ

«የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ለጆሮ ያምራል። በዜና ርዕስ ላይም ሆነ ከሐውልት ሥር ሲጻፍ ያምራል። ያ ሰው የመጀመሪያ በመሆኑ ምን እንደደረሰበት፣ ሲደርስበትም ማን ቆሞ እንዳየ ግን ቃሉ አይናገርም። የስዊድናዊው የበረዶ ሆኪ ተከላካይ የቦርዬ ሳልሚንግ ታሪክ ከዚህ አንጻር ሊነበብ ይገባዋል።

ሳልሚንግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1951 በስዊድን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኪሩና አካባቢ ነው። በአባቱ በኩል የዘር ሐረጉ ከሳሚዎች ይመዘዛል፤ ሳሚዎች የዚያ ቀዝቃዛ ምድር ነባር ሕዝብ ናቸው። ኪሩና የብረት ማዕድን ከተማ ናት። አባቱ በማዕድን ማውጫው በደረሰ አደጋ ሲሞቱ ልጁ ገና 5 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ብሪኔስ በሚባለው ክለብ በ1971 እና በ1972 የስዊድን ሻምፒዮን ሆነ። በ1973 በ22 ዓመቱ ከአገሩ ልጅ ከኢንገ ሃማርስትሮም ጋር ወደ ካናዳ ተሻግሮ ለቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ፈረመ።

በጊዜው የሰሜን አሜሪካው ሊግ ኤንኤችኤል የካናዳውያን ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1965 ኡልፍ ስቴርነር የተባለ ስዊድናዊ ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተሰልፎ ነበር። በስዊድን ሰልጥኖ ሊጉን የረገጠ የመጀመሪያው ተጫዋችም እሱ ነው። ግን 4 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሩ ለአፍታ ተከፍቶ መልሶ ተዘጋ።

ስዊድናውያን በአሜሪካና በካናዳ ሜዳዎች የተለጠፈባቸው ስም «ፈሪ» የሚል ነበር። ይንሸራተታሉ፣ ያቀብላሉ፣ ቴክኒክ አላቸው፤ ሲመቷቸው ግን ይሸሻሉ ይባል ነበር። በዚህ ሊግ ጓንት ጥሎ ቡጢ የተማዘዘ ተጫዋች 5 ደቂቃ ተቀጥቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ መጤን በዱላና በቡጢ መፈተን ዋጋው ርካሽ ነበር። ሳልሚንግ ገና በሁለተኛ ጨዋታው የገጠመው ፊላደልፊያ ፍላየርስን ነው። ይህ ቡድን በድብድቡ የታወቀ ነበር፤ በ1974 እና በ1975 ዋንጫውን በተከታታይ የወሰደውም እሱ ነው። ዱላው በዚያ ቀን ጀመረ፣ ለዓመታትም አልቆመም።

ሳልሚንግ አልሸሸም። ሲመቱት ተነሳ፣ ሲገፉት ገፋ፣ በሙሉ ፍጥነት የተመታ ፓክ በሰውነቱ ከለለ። በ1976 በካናዳ ካፕ ውድድር የስዊድንን ማሊያ ለብሶ በቶሮንቶ ሜዳ ስሙ ሲጠራ፣ የካናዳ ተመልካች ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። በ1977 የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ለመሆን በተደረገው ምርጫም ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። በ1986 አንድ ተጋጣሚ ከወደቀበት ቦታ በላይ ሆኖ በመንሸራተቻ ጫማው ስለት ፊቱን ሲሰነጥቀው ከ200 በላይ ስፌት ተሰፋ፤ ከዚያም ተመልሶ ተጫወተ።

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። «ታግሶ፣ ተዋግቶ፣ አከበሩት» ይባልና ይጨበጨባል። ችግሩም ያለው እዚሁ ጭብጨባ ውስጥ ነው። የአንድን ሰው ጽናት ባደነቅን ቁጥር ያን ሁሉ ጽናት የጠየቀውን አሠራር ከተጠያቂነት እናወጣዋለን።

«ሆኪ ለሁሉም ሻካራ ነው፤ ካናዳዊውም ይመታል» የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፣ ሁሉም ይመታል። ነገር ግን ካናዳዊው ሲመታ ተጫዋች ስለሆነ ነው። ስዊድናዊው ከዚያ በላይ የሚመታው ስዊድናዊ ስለሆነ ነበር። አንዱ ጥሩ ሲጫወት ሥራውን ሠራ ይባላል፤ ሌላው መጀመሪያ ፈሪ አለመሆኑን በደሙ ማስመስከር ነበረበት። ሁለቱ አንድ ፈተና አይደሉም።

ለዚህ ማስረጃው አብሮት የመጣው ሃማርስትሮም ነው። ፈጣንና ጎል አግቢ ነበር፤ ቡጢ ግን የእሱ ጨዋታ አልነበረም። የራሱ ክለብ ባለቤት ሃሮልድ ባላርድ፣ ኪሱ ውስጥ እንቁላል ይዞ ወደ ሜዳው ጥግ ቢገባ አንዱም አይሰበርበትም ብሎ በአደባባይ ተሳለቀበት። ሃማርስትሮም በ1977 ከቶሮንቶ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ስዊድን ተመለሰ። ሐውልት የቆመለት ለሳልሚንግ ነው። ሆኖም በደል ሆኖ መቆጠር ያለበት የሃማርስትሮም መሳለቂያ መሆን ነው። ጎበዝ ሆኖ ለመቆየት ጎበዝ መሆን ካልበቃ ጉድለቱ የእንግዳው ሳይሆን የቤቱ ነው።

ሳልሚንግ በቶሮንቶ 16 ዓመት ተጫወተ። ለክለቡ 620 አሲስት አስመዝግቦ በክለቡ ታሪክ ቀዳሚ ሆነ። አንድ ዓመት በዲትሮይት ጨምሮ በሊጉ 1,148 ጨዋታ አደረገ፤ ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አላነሳም። በ1996 ወደ ሆኪ የዝና አዳራሽ ሲገባ የመጀመሪያው ስዊድናዊ ነበር። የለበሰው 21 ቁጥር በክብር ከአገልግሎት የወጣው በ2016 ነው፤ ክለቡን ከለቀቀ ከ27 ዓመት በኋላ። ዘግይቶ የሚሰጥ ክብር ደስ ይላል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። በሰዓቱ «ይህን ልጅ አትንኩት» ማለት ግን ከዳኛ፣ ከሊግ፣ ከክለብ ባለቤት ድፍረት ይጠይቃል።

ከእሱ በኋላ የመጡት በሰፊው በር ገቡ። ማትስ ሱንዲን በ1989 የሊጉ የተጫዋቾች ምልመላ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ፤ ከአውሮፓ ይህን ዕድል ያገኘ ከእሱ በፊት አልነበረም። ሳልሚንግ ሁለት ጊዜ ያመለጠውን የምርጥ ተከላካይ ሽልማት ኒክላስ ሊድስትሮም 7 ጊዜ ወሰደ። የእሱ ድካም ፍሬ በሌላው እጅ ታየ፤ የበር ከፋች ዕጣ ይኸው ነው።

ቶሮንቶም ስቶክሆልምም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ፣ በሆስፒታሉ፣ በትምህርት ክፍሉ የመጀመሪያው ሐበሻ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ስለ በረዶ ማወቅ አያስፈልገውም። ከሌላው እጥፍ ሠርቶ እኩል መቆጠር ምን እንደሆነ ያውቀዋል። አገር ቤት ያለውም እንዲሁ፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ አዲስ ባልደረባ ወይም በወንዶች መካከል ብቻዋን የገባች ሴት ስትፈተን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የዚያ ሊግ ተመልካች ነው።

በ2022 ሳልሚንግ ጡንቻን በሚያዳክመው ኤ.ኤል.ኤስ በተባለው የነርቭ በሽታ መያዙ ተነገረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጀመሪያ ቶሮንቶ ጠርታ አከበረችው። መናገር አልቻለም፤ እጁን ወደ ሕዝቡ ከፍ ያደረገለት የቀድሞ አምበሉ ዳሪል ሲትለር ነበር። በዚያ ሰንበት ክለቡ ጨዋታውን ያስጀመራቸው ስድስቱም ተጫዋቾች ስዊድናውያን ነበሩ። ከ12 ቀን በኋላ በ71 ዓመቱ አረፈ።

ስድስቱ ፈሪ አለመሆናቸውን እንዲያስመሰክሩ ማንም አልጠየቃቸውም። የሳልሚንግ ትልቁ ውጤት ይህ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ለቤቱ ባለቤቶች ነው፦ ቀጣዩ እንግዳ እንዲህ በሰላም እንዲገባ የግድ አንድ ሰው በሩ ላይ መድማት አለበት?